ሚኒሞ የማይዝ የናፍታ ሞተር

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ይህ ዝግጅት መቱም ሁኑ ጎሬ፣ ሁሩሙም ሁኑ ያዩ፣ በየቤታችሁና በየጋራዡ ላላችሁ፣ ጋቢና ውስጥ ሆናችሁ ለምትከታተሉን ሾፌሮችና ረዳቶችም ጭምር ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ የቆየ የጭነት መኪና ጠባይ ነው። ጭነት ይዞ አቀበት ሲወጣ ምንም አይልም። ኬላ ላይ ወይም ማራገፊያ ቦታ ሲቆም ግን ጋቢናውን ያንዘፈዝፈዋል፤ እግር ከነዳጅ መርገጫው ላይ ሲነሳ ይንገዳገድና ይጠፋል። በመካኒኮች ቋንቋ ሚኒሞ አይዝም።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ያነሳሁት ክረምቱ ስለገባ ነው፤ ዝናብ ናፍታን ምን እንደሚያደርገው ወደ በኋላ እናያለን። ከአዲስ አበባ መቱ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው፤ መለዋወጫ ታዞ እስኪመጣ መኪና ቆሞ ይከርማል፣ የባለንብረቱ ዕዳ ይቆጥራል፣ የረዳቱ አበል ይቀራል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን የሚያስቆመው የተሳሳተ ምርመራ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ አልይዝ ሲል የመጀመሪያው ጣት የሚቀሰረው ኢንጀክሽን ፓምፑ ላይ ነው። ፓምፑ ይፈታል፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ወደ ጅማ ወይም አዲስ አበባ ይላካል፣ ብዙ ብር ወጥቶበት ይመለሳል፣ ይታሰራል፣ ሞተሩም እንደገና ይንገዳገዳል። ምክንያቱም ችግሩ መጀመሪያውኑ ከታንኩ እስከ ፓምፑ ባለው መንገድ ላይ ነበር። ያንን መንገድ ለመፈተሽ የሚያስፈልገው ጥቂት ቁልፍ፣ አንድ ንጹሕ ጄሪካን፣ አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስና ትዕግሥት ነው።

የማወራው ኮምፒዩተር ስለሌላቸው ሞተሮች መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። ፊያት 682፣ እኛ ኤን ትሬ የምንለው፣ ጣልያን አገር እ.ኤ.አ. በ1952 መሠራት የጀመረ መኪና ነው። ቀጥሎ ደግሞ አይሱዙ ኤንፒአር አለ፤ ፎር ቢዲ ዋን የሚባለውን ሞተርና የቅርብ ዘመዶቹን የጫነው። በእነዚህ ላይ ፓምፑም ሆነ ኖዝሉ የሚሠራው በብረትና በሞላ ብቻ ነው። ኮመን ሬይል የተገጠመላቸው አዳዲስ ሞተሮች ግን ሌላ ትምህርት ይፈልጋሉ፤ በእነሱ ቱቦ ውስጥ የናፍታው ግፊት ከ1,000 ባር ያልፋል፣ ስለዚህ ዛሬ ስለ ቱቦ መፍታት የምናገረው አንድም ነገር እነሱን አይመለከትም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ሞተሩ ጭነት ችሎ ሲወጣ ሚኒሞ ላይ ለምን ያቅተዋል?

ሚኒሞ ላይ ያለ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 600 ጊዜ ያህል ይዞራል። አንድ ሲሊንደር በየ2 ዙሩ አንዴ ይተኩሳል፤ በሴኮንድ 5 ጊዜ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ተኩስ ኖዝሉ የሚረጨው ናፍታ በግምት 10 ሚሊ ሜትር ኩብ ነው። አንድ የውሃ ጠብታ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ኩብ ገደማ ትሆናለች። አስቡት፤ አንዲት ጠብታ የ5 ተኩስ ናፍታ ቦታ ትይዛለች። የአየር አረፋም ከሆነ ያው ነው። ጭነት ይዞ አቀበት ሲወጣ ግን በእያንዳንዱ ተኩስ የሚገባው ናፍታ አምስትና ስድስት እጥፍ ይጨምራል፣ ሞተሩም በፍጥነት ስለሚዞር ቮላኖው ባመለጠችው ተኩስ ላይ ተሸክሞት ያልፋል። ሚኒሞ ላይ ይህ ትርፍ የለም። ስለዚህ የነዳጅ ጉድለት፣ ቅንጣት ታህል ቢሆንም፣ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ሚኒሞ ያስቸገረ ሞተር ገና በጊዜ እየነገራችሁ ነው፤ ዝም ካላችሁት ነገ አቀበት ላይም ይደግመዋል።

እንግዲህ እናዳምጥ። ሬዲዮ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው፤ ጥሩ መካኒክ ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ቆሞ ይሰማልና።

(የሞተር ድምፅ፤ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ለ10 ሴኮንድ)

ሰማችሁት? ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። የመውጣት የመውረዱ ልክ አንድ ዓይነት ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ በናፍታው ውስጥ አየር ሲገባ ይመጣል። ፓምፑ ውስጥ ያለው ፍጥነት ተቆጣጣሪ፣ ጎቨርነር የሚባለው፣ ሞተሩ ሲወርድበት ናፍታ ይጨምራል፣ ሲወጣበት ይቀንሳል፤ አየር መሃል ሲገባ ልኩን ያጣና ሲያሳድድ ይኖራል። ጎቨርነሩ ራሱ ሲደክምም ይህንኑ ድምፅ ይሰጣል፤ ግን መጀመሪያ አየሩን ነው የምንጠረጥረው፣ እሱን ማጣራት ገንዘብ አያስወጣምና።

(ሁለተኛ የሞተር ድምፅ፤ የሚያነክስ፣ ለ10 ሴኮንድ)

ይህኛው ያነክሳል። ሦስቱ ይተኩሳሉ፣ አንዱ ይዘላል፤ መዝለሉም ተራውን ጠብቆ ነው። አየርና ውሃ ሲሊንደር አይመርጡም፣ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ይመታሉ። ሁልጊዜ በተራው የሚዘል ተኩስ ግን የአንድ ሲሊንደር ችግር ነው፤ ኖዝል፣ ባልቦላ ወይም ኮምፕሬሽን።

ሦስተኛው ዓይነት በድምፅ ለማሰማት አይመችም፤ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። መኪናው ከመቱ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል በደህና ይሄዳል፣ ከዚያ እየደከመ እየደከመ ይሄድና ይጠፋል። ሾፌሩ ወርዶ፣ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ይነሳል። ይህ ሞተር ናፍታ ተነፍጎታል። ድርግም ብሎ የሚጠፋ፣ አስቀድሞ ምንም ምልክት የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ የሞተር ማጥፊያውን ሽቦና ገመድ ተመልከቱ፤ ቁልፉ ሲዘጋ ፓምፑን የሚያቆመው ክፍል ላይ የላላ ሽቦ ካለ ጉድባ በተመታ ቁጥር ሞተሩን ሊያጠፋው ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ኢሉባቦር ውስጥ ስለ ናፍታ ሲወራ ስለ ዝናብ ሳይወራ አይታለፍም። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። አንድ ጊዜ ይህ ዝናብ የንግድ ረዳት ነበር፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአገሩ ቡና ከጎሬ በበቅሎ ወርዶ ጋምቤላ ወደብ ላይ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ካርቱም የሚጫነው የባሮ ወንዝ ሞልቶ ጀልባ ሲችል፣ በክረምት ነበር። ለናፍታ ሞተር ግን ክረምት ክፉ ወቅት ነው።

ናፍታችን ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ በቦቴ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከዚያ ወደ መቱ የነገርኳችሁን 600 ይጨምራል። ማደያ ላይ ሲጠፋ ደግሞ በበርሜልና በጄሪካን ይሸጣል። በርሜሉ ደጅ ቆሞ ዝናብ ሲመታው የላይኛው ክዳኑ ዙሪያ ውሃ ይቋጥራል። ቀን ፀሐይ ስትሞቀው በውስጡ ያለው አየር ተነፍቶ ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና በክዳኑ ጥርስ በኩል ያንን ውሃ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ማንም ውሃ አልጨመረበትም፣ ክዳኑም ጥብቅ ነው፣ ውሃው ግን ገብቷል። በርሜል ደጅ ማሳደር ግድ ከሆነባችሁ በጎኑ አስተኙት፣ ሁለቱ ክዳኖች በአግድም ትይዩ እንዲሆኑ፤ ወይም አንድ ጎኑን ድንጋይ አስደግፋችሁ ውሃው ክዳኑ ላይ እንዳይቋጠር አጋድሉት። መኪናው ታንክ ውስጥም ያው ነገር ይሆናል። ግማሽ ጎድሎ ያደረ ታንክ ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ሌሊት ብረቱ ላይ ወዝቶ ወደ ናፍታው ይንጠባጠባል። ማታ ሞልቶ ማሳደር ጠዋት ከመሙላት ይሻላል።

ውሃ መኖሩን ለማወቅ ባዶ ሃይላንድ አጥቡና በደንብ አድርቁ። ከታንኩ ሥር ካለው ማፍሰሻ ብሎን፣ ወይም ውሃ መለያ ካለው ከሥሩ፣ ግማሽ ያህል ቅዱና ሌሊቱን አሳድሩት። ጠዋት ሳትነቀንቁት ተመልከቱ። ውሃ ከናፍታ ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል፣ በመካከላቸው ጥርት ያለ መስመር ይታያል። መስመሩ ላይ ጥቁር የሚያጣብቅ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ውሃና ናፍታ በሚገናኙበት የሚኖር፣ ናፍታውን የሚበላ ነፍስ ያለው ነገር። እሱ ካለ ፊልትሮ ብቻ መቀየር በቂ አይሆንም፤ ታንኩ ወርዶ መታጠብ አለበት። ናፍታው ከወትሮው ቀጠን ብሎ ላምባ ላምባ ከሸተተ ደግሞ ወደዚያ ቀጂ ሁለተኛ አትሂዱ። በፓምፑ ውስጥ ናፍታውን የሚገፉት ትናንሽ ፒስተኖች ከግድግዳቸው ጋር ያላቸው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ነው፤ የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። እነሱን የሚያለሰልስ ሌላ ዘይት የለም፣ ራሱ ናፍታው ነው። ላምባ ያደርቃቸዋል፣ ውሃ ያዝጋቸዋል።

ከታንኩ ሳንርቅ ክዳኑን እንይ። ክዳኑ ላይ ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ አለች። ከሁሩሙ እስከ ጎሬ ያለው ቀይ ጭቃ ይህችን ቀዳዳ ይደፍናታል። ናፍታው ሲጎድል በቦታው አየር ካልገባ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፣ ነዳጅ ሳቢው ፓምፕም መሳብ ያቅተዋል። ያ ግማሽ ሰዓት ሄዶ የሚጠፋው መኪና ሲቆም ክዳኑን ክፈቱ፤ አየር ፍስስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲገባ ከሰማችሁ ምርመራው አልቋል። ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጥረጉ።

አሁን ወደ አየሩ። መካኒኮችን በጣም የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ምክንያቱም አይታይም። ከታንኩ እስከ ነዳጅ ሳቢው ፓምፕ ያለው ቱቦ የመሳብ ቱቦ ነው። ሞተሩ ሲሠራ በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል። ስለዚህ ቢሰነጠቅ ናፍታ ወደ ውጭ አይረጭም፣ አየር ወደ ውስጥ ይገባል፤ ለስላሳ መጠጥ በተበሳ ስትሮ እንደመጠጣት ነው። ሾፌሩ መኪናው ሥር ገብቶ እርጥበት ይፈልጋል፣ ደረቅ ሆኖ ያገኘዋል፣ ቱቦው ደህና ነው ብሎ ይወጣል። ችግሩ ግን እዚያው ነው።

መቱ ከተማ መውጫ ላይ አንድ የጋራዥ ደጃፍ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ሾፌር በቆሎ የጫነ ኤንፒአር ይዞ መጣ። ሞተሩ ከፍ ዝቅ ይልና ይጠፋል።

«ጋሼ፣ ፓምፑ አልቋል ብለውኛል፤ ፍቱልኝና አዲስ አበባ ልላከው» አለ።

የጋራዡ ሽማግሌ መካኒክ ሞተሩን ጥቂት ሰማና፣ «ልጄ፣ ፓምፑ የተሰጠውን ነው የሚረጨው። መጀመሪያ የሚሰጠውን እንየው» አለው።

ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሹን አወጡ፣ ጋቢናውን ከፍ አድርገው መደገፊያውን ቆለፉ። ሽማግሌው 5 ሊትር በምትይዝ ጄሪካን ንጹሕ ናፍታ ቀድቶ ከሞተሩ በላይ ከተነሳው ጋቢና ጠርዝ ላይ በገመድ አንጠለጠላት። ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ ከነዳጅ ሳቢው ፓምፕ መግቢያ ላይ ፈታና በሱ ቦታ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቱቦ ገጠመ፤ ሌላው ጫፉ ጄሪካኗ ውስጥ ነው። በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጣ። ሞተሪኖው ዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ትንሽ ተንገዳገደ፣ ከዚያ ረጋ። አንድ ዓይነት ድምፅ። ወጣቱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ፊቱ ተለወጠ።

ይህ ፈተና ምን ይነግረናል? ሞተሩ ከጄሪካኗ ሲጠጣ ከረጋ፣ ከመግቢያው ወዲያ ያሉት ኢንጀክሽን ፓምፑና ኖዝሉ ነፃ ናቸው። በደሉ ከመግቢያው ወዲህ፣ በቱቦውና በታንኩ በኩል ነው። ከጄሪካኗም እየጠጣ ከተንገዳገደ ደግሞ ታንኩንና የመሳቢያ ቱቦውን ትተን ወደ ፊት እንሄዳለን። በአንድ ፈተና የመኪናውን ግማሽ ከጥርጣሬ አወጣን ማለት ነው። በዚያ ቀን የተገኘው፣ ሻንሲው ላይ በሚታሠርበት ቦታ ከብረት ጋር ሲፋተግ የኖረ የላስቲክ ቱቦ ነበር። ስንጥቁ ፋሸታው ሥር ተደብቆ በዓይን አይታይም፤ ቱቦው በእጅ ሲታጠፍ ብቻ አፉን ከፈተ። አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦ ተቀየረ፣ በቆሎውም በዚያው ቀን ጉዞውን ቀጠለ።

ቱቦው ደህና ከሆነ የሚረሱ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ በነዳጅ ሳቢው ፓምፕ መግቢያ ብሎን ውስጥ ያለችው የወንፊት ፊልትሮ ናት። ብዙ ሾፌር መኖሯን አያውቅም፤ ትልቁን ፊልትሮ በየጊዜው እየቀየረ እሷ ግን ዓመታት ተዘግታ ትኖራለች። ፈትታችሁ በናፍታ እጠቧት። ሁለተኛው በየብሎኑ ሥር ያለው የመዳብ ሮንዴላ ነው። መዳብ አንዴ ሲጠብቅ ይደነድናል፣ ሁለተኛ ሲታሰር አይዝም፣ አየር ያስገባል። አዲስ ከሌለ አሮጌውን በእሳት እስኪቀላ አሙቁትና ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ መዳብ እንዲህ ሲደረግ ይለሰልሳል። ብረት ቢሆን ይጠነክር ነበር፣ መዳብ ግን ተቃራኒው ነው።

ፊልትሮ ስትቀይሩ አየር ማስወጣቱን በቅደም ተከተል አድርጉት። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን ብሎን አላሉ፣ አረፋ የሌለው ናፍታ እስኪፈስ በእጅ ፓምፑ ግፉ፣ እየፈሰሰ ሳለ እሰሩ። ከዚያ ኢንጀክሽን ፓምፑ ላይ ያለውን። ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ሞተሪኖውን ባትሪ እስኪሞት ከማሽከርከር ያድናል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ለሚያነክሰው ሞተር። ሚኒሞ ላይ እየሠራ ሳለ ከፓምፑ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱትን የብረት ቱቦዎች ዳዶ አንድ በአንድ ግማሽ ዙር ያህል ታላላላችሁ፣ መልሳችሁ ታስራላችሁ። ጤነኛውን ሲሊንደር ስታላሉት ሞተሩ ወዲያው ይደክማል። የታመመውን ስታላሉት ምንም አይለወጥም፤ ቀድሞም አይሠራምና።

ስለ አደጋው ግን አጥብቄ ልናገር። የነዚህ ሞተሮች ኖዝል የሚከፈተው ወደ 180 ባር በሚጠጋ ግፊት ነው፤ ከጭነት መኪና ጎማ አየር ከ20 እጥፍ በላይ። ዳዶውን ከቦታው ጨርሶ አትፍቱ፣ በጨርቅ ሸፍኑት፣ መነጽር አድርጉ፣ እጃችሁን ፊት ለፊቱ አታድርጉ። የሚረጭ ናፍታ ቆዳ በስቶ ከገባ ከውጭ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር ናት፣ ብዙም አያምም፤ በውስጥ ግን ሥጋውን ይገድላል፣ ጣት እስከማስቆረጥ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ወደ ነገ አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ፤ ለሐኪሙም በግፊት የገባ ናፍታ ነው ብላችሁ ንገሩ።

የታመመውን ሲሊንደር ካወቃችሁ ኖዝሉን ከጎረቤቱ ጋር አለዋውጡት። ማነከሱ ኖዝሉን ተከትሎ ወደ ጎረቤት ከሄደ ጥፋተኛው ኖዝሉ ነው። እዚያው ከቀረ ባልቦላውን ለኩ፤ በነዚህ አይሱዙዎች ላይ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክፍተቱ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለሌላ ሞተር የራሱን መመሪያ ተመልከቱ። ባልቦላውም ደህና ከሆነ ኮምፕሬሽን አስለኩ። ናፍታ የሚቀጣጠለው በሻማ አይደለም፣ አየሩ ወደ 17 እጥፍ ታምቆ ከ500 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ ነው። ፋሻው ያለቀ ሲሊንደር አየሩን ያስመልጣል፣ ሙቀቱም አይበቃም። ለዚህ ነው ጎሬ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ነጭ ጭስ እየተፋ የሚያነክስ ሞተር ሦስት ሰዓት ላይ ሲሞቅ ደህና የሚመስለው። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍታ ነው። ሰማያዊ ከሆነ የሞተር ዘይት እየነደደ ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍታው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩ።

ሌሎች ጥቂት ነገሮች በፍጥነት። የጭስ ማውጫ ፍሬን ያለው መኪና ከሆነ ውስጡ ያለችው ክዳን በጥቀርሻና በጭቃ ተጣብቃ በከፊል ተዘግታ ትቀራለች፤ ሞተሩ መተንፈስ ያቅተውና ሚኒሞ ላይ ይጠፋል። በእጅ አንቀሳቅሷት፣ በነፃ መመለስ አለባት። የሞተሩ ድምፅ እኩል ሆኖ ጋቢናው ብቻ የሚንዘፈዘፍ ከሆነ ደግሞ ሞተሩን አትንኩት፤ የተቀመጠበት የላስቲክ ሱፖርት ተቀዷል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ብዙ ሾፌር ሞተሩ ሲጠፋበት ምንም ሳይመረምር ካቻቢቴና ቁልፍ ያነሳና የሚኒሞ ብሎኑን ከፍ ያደርጋል። ሞተሩ አይጠፋም፣ ጉዞው ይቀጥላል። በሽታው ግን እያደገ ይሄዳል፣ ናፍታ ይባክናል፣ ማርሽ ሲገባ ይፋጫል።

ከዚህ የሚብሰው ቁልቁለት ላይ ነው። ጎሬ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ ጋምቤላ ከ500 ሜትር ብዙም አትበልጥም። በቡሬ በኩል ያ ሁሉ ቁልቁለት ይወረዳል። ናፍታ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ፣ ማርሽ አውጥቶ፣ የሚወርድ ሾፌር አለ። ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተርን ጎማው ራሱ ያዞረዋል፣ በቀላሉ አይጠፋም። በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩን በሕይወት የሚያቆየው ያ የታመመ ሚኒሞ ብቻ ነው። ኤንፒአር ላይ ፍሬኑን የሚያግዘው የቫኩም ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ነው፤ ሞተሩ ሲቆም እሱም ይቆማል። የተጠራቀመው ቫኩም ለአንድ ሁለት እርግጫ ይበቃል፣ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል። የአየር ፍሬን ባላቸው ፊያቶች ላይም ኮምፕሬሰሩ ይቆማል፤ በየእርግጫው አየሩ ይጎድላል፣ የሚሞላው የለም። እባካችሁ፣ ሚኒሞ የማይዝ መኪና ይዛችሁ ያንን ቁልቁለት አትውረዱ፤ ደህናውንም ቢሆን በፎሌ አታውርዱት።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ፣ ከጄሪካን እየጠጣ፣ ኖዝሎቹ ተለክተው፣ ባልቦላው ተስተካክሎ፣ ሞተሩ አሁንም ከፍ ዝቅ ካለ ያን ጊዜ ተራው የፓምፑ ነው። ፓምፕ በመንገድ ዳር አይከፈትም፤ መለኪያ ማሽን ያለው ቤት ይፈልጋል። ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በናፍታ አጥባችሁ አድርቁት። የፓምፑ ፍላንጅ ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ላይ በሹል ብረት አንድ መስመር አስምሩ፣ ሲመለስ ተኩሱ ከጊዜው እንዳይዛባ። የቱቦዎቹን አፍ በንጹሕ ፕላስቲክ እሰሩ እንጂ በጨርቅ አትወትፉ፤ ከጨርቅ የሚቀር አንድ ክር ኖዝል ይዘጋል። በእርሳስ የታሸገውን ብሎን ማንም እንዳይነካው፤ እሱ የመጨረሻውን የናፍታ መጠን የሚወስን ነው። ኖዝሎቹን ሁሉ አብራችሁ ላኩ። ከፓምፑ ጋር በወረቀት ጽፋችሁ ደግሞ ይህን አያይዙ፦ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል ወይስ ያነክሳል፣ ጭሱ ምን ዓይነት ነው፣ ከጄሪካን ሲጠጣ ምን ሆነ፣ ስንተኛው ሲሊንደር ሲላላ ለውጥ አላመጣም። ፓምፑን የሚቀበለው ባለሙያ ሞተራችሁን አይሰማውም፤ የሚያውቀው እናንተ የጻፋችሁለትን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ቫኩም ፍሬን አያያዝ በሰፊው እንነጋገራለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)